በሲዬና ደጃፍ የወለቀ ጫማ

ብፅአት በሁለት አገር ተሰድባለች። ጣሊያን አገር «ኋላ ቀር» አሏት፤ ሱዳን ውስጥ ደግሞ የገዛ ሰፈሯ ሰዎች «ካቶሊክ» አሏት። የሁለቱም ስድብ ሰበቡ አንድ ነው፦ አንድ ቀን በአንድ ትልቅ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ጫማዋን ማውለቋ።

የተወለደችው በምሥራቅ ሱዳን፣ ከሾዋክ ከተማ ወጣ ብሎ ባለ የስደተኞች ሰፈር፣ በሣር ጎጆ ውስጥ ነው። እናቷ ሸጊቱ በሰባ ሰባቱ ረሃብ ከአርማጭሆ ተነስታ ድንበሩን በእግሯ የተሻገረች ሴት ናት። አባቷን ብፅአት ገና ጥርስ ሳታበቅል ፋሽጋ በሚባለው የድንበር እርሻ ላይ ሰሊጥ ሲያጭድ ወባ ነጠቀው። ከዚያ ወዲያ ሸጊቱ በአጨዳ ወራት ወደ ፋሽጋ እየወረደች ለቀን ሠራተኞች ገንፎ ታገነፋለች፤ አጨዳው ሲያልቅ ሾዋክ መናኸሪያ ተቀምጣ ለአውቶቡስ መንገደኛ ፉል ትሸጣለች። ልጇን ያሳደገችው በዚህ ነው።

የብፅአት ትምህርት ገና ከጅምሩ ጠብ አመጣ። ገዳሪፍ ከተማ ውስጥ የካቶሊክ መነኮሳት የሆኑ የጣሊያን ሲስተሮች የሚያስተምሩበት ቤት ነበር፤ ልጅቱ ጎበዝ ናት ብለው ተቀበሏት። በላይነሽ ይህን ስትሰማ ነደደች። በላይነሽ የሰፈሩ የማርያም ማኅበር አውራ ናት። ስደተኛው ያችን የጭቃና የሣር ቤተ ክርስቲያን ሲሠራ ጭቃውን በእግሯ ያቦካች፣ ውኃውን በጀርባዋ ያመላለሰች እሷ ናት፤ ሰው ይህን እንዲረሳባትም አትፈልግም። የራሷን ልጅ ሲስተሮቹ «ቦታ ሞልቷል» ብለው መልሰውባት ነበርና ነገሩ ይበልጥ ቆረቆራት።

«ዛሬ ዳቦ ይሰጧታል፣ ነገ ደብተር ይሰጧታል፣ ከነገ ወዲያ ማተቧን ይበጥሱላታል» አለች በሰው ፊት።

«ዳቦውን በልታ ትደግልኝ» አለች ሸጊቱ፣ የፉሉን ድስት እያማሰለች። «ማተቧን ያሰርኩት እኔ ነኝ። የምጠብቀውም እኔ ነኝ። አንች ደግሞ የራስሽን ጠብቂ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ ሴቶች ሰላምታቸው ከአንገት በላይ ሆነ።

ብፅአት በሰፈሩ አንድ የልብ ጓደኛ ነበረቻት፤ ዙፋን ትባላለች። ልጆች ሳሉ ከቦኖ ውኃ ተሸክመው ሲመለሱ ጀሪካኑን አውርደው ያርፉ ነበር፤ አንድ ቀን በዚያ እረፍት መሐል ዙፋን «የመጀመሪያ ልጄን ክርስትና የምታነሽልኝ አንች ነሽ፤ ማርያምን በይ» ብላ አስማለቻት። ዙፋን አድጋ ባንታምላክ የሚባል የፋሽጋ ትራክተር ነጂ አገባች። የመጀመሪያው ፅንስ ወረደባት፤ ሁለተኛውም ወረደ። ሰው ፊት አታለቅስም ነበር፤ ለብፅአት ግን ስልክ ደውላ ዝም ትላለች፣ ብፅአትም ከወዲያ ዝም ትልላታለች።

በ2005 ዓመተ ምሕረት መባቻ ላይ ሲስተሮቹ ብፅአትን የመድኃኒት ቅመማ እንድታጠና ጣሊያን ላኳት። ከመሄዷ በፊት ለመሰናበት የንስሐ አባቷ ዘንድ ገባች። ቄስ ኪዳኔ ቁጥብ ሰው ናቸው፤ ሲመክሩም ሲገሥጹም ድምፃቸው አንድ ነው።

«ቁርባናቸውን አትቀበይ። ማተብሽን አትፍቺ» አሏት። «ሌላውን እግዚአብሔር ያውቃል።»

«እሺ አባ» ብላ መስቀላቸውን ተሳልማ ወጣች።

የመጀመሪያዎቹን ወራት ቋንቋ እንድትማር የተመደበችው ሲዬና በምትባል የጥንት ከተማ ነበር። በኮረብታ ላይ የተቆለለች፣ ጡቧ ከፀሐይ ብዛት የተጠበሰ የሚመስል፣ መንገዷ ጠባብና ጠመዝማዛ ከተማ ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ አስተማሪዋ ሲኞራ ሎሬዳና ተማሪዎቹን ሁሉ ሰብስባ የከተማዋን ጥንታዊ ቦታዎች ታስጎበኛለች። የቀረ ተማሪ ማርክ ይቀነስበታል። ሎሬዳና አጭር፣ ፈጣን፣ ትዕግሥት የሌላት ሴት ነበረች፤ ጃንጥላዋን እንደ እረኛ በትር ከፍ አድርጋ ትሄዳለች፣ ወደ ኋላ የቀረውን ዞራ ትቆጣለች።

ከተማሪዎቹ መሐል አማርኛ የሚችል አንድ ሰው ነበር፤ አስፋው፣ የአዲስ አበባ ልጅ። ብፅአት መጀመሪያ ስታገኘው ወንድሟን ያገኘች ያህል ደስ አላት። ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ሰምቶ ሳቀ።

«አንቺ ልጅ፣ አማርኛሽ አሸዋ አለበት እኮ! ‹ኸላስ› ምንድን ነው? ‹ማሌሽ› ምንድን ነው?»

«‹በቃ› እና ‹ይቅርታ› ማለት ነው። ሰፈራችን እንዲህ ነው የሚወራው።»

«ሰፈርሽ የት ነው?»

«ሾዋክ። ሱዳን።»

«በቃ ስምሽ ሱዳን ነው» አላት። ስሟም ሱዳን ሆኖ ቀረ፤ ጃፓኖቹም ብራዚሎቹም ከእሱ ሰምተው «ሱዳን» ማለት ጀመሩ።

ጫማዋን ባወለቀችበት ቅዳሜ መጀመሪያ የታየው የከተማዋ አደባባይ ነበር። እንደ ሰፌድ መሐሉ ጎድጎድ ያለ፣ በጡብ የተነጠፈ ሰፊ ሜዳ ነው። ማለዳ ዘንቦ ስለነበር ውኃው ከየዳሩ እየተንሸራተተ ወደ አንድ ቦታ ይወርዳል። ብፅአት ቆማ ውኃውን አየች። ገዳሪፍ ላይ ክረምት ሲገባ ውኃ መሄጃ አጥቶ ሰውንም መኪናንም ይዞ ይውላል፤ እዚህ ግን ከስንት መቶ ዓመት በፊት የኖረ ሰው ለዝናብ እንኳ መንገድ አስቦለታል። በልቧ አመሰገነች፤ ይህን ታይ ዘንድ ከሣር ጎጆ ያወጣትን አምላክ።

«ሱዳን! ውኃ አይተሽ አታውቂም?» አለ አስፋው።

ከአደባባዩ ዳር ቀጭን ረጅም የጡብ ግንብ ቆሟል። ገዳሪፍ ካለው የእህል ሲሎ ሌላ ይህን የሚያህል ነገር አይታ አታውቅም። ሎሬዳና «እሱን በመጨረሻ እንወጣዋለን» አለችና ጃንጥላዋን ወደ ትልቁ ቤተ ክርስቲያን አዞረች።

ቤተ ክርስቲያኑ ነጭና ጥቁር እብነ በረድ እየተፈራረቀ የተሠራ ነው። አስፋው «የሜዳ አህያ» አለው። ብፅአት አልሳቀችም። ነጠላዋን ከቦርሳዋ አውጥታ ተከናነበች፤ ደጃፉን ተሳለመች፤ ከዚያ ምንም ሳታስብ ጫማዋን አውልቃ ግድግዳ ሥር አስቀመጠች። እጇ ራሱ ያደረገው ነገር ነው። ሸጊቱ ገና መራመድ ሳትጀምር ያስለመደቻትን።

የበሩ ዘበኛ ጮኸ። ወፍራም ሽማግሌ ነው፤ እግሯን እያሳየ፣ ወደ ጎብኚዎቹ እየዞረ፣ እጁን እያወናጨፈ ይናገራል። ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ እግሯን አየ።

«ምን ይላል?» አለች ብፅአት፤ ጣሊያንኛዋ ገና ነበር።

አስፋው በደስታ ተረጎመላት። «‹መስጊድ መሰላት ወይ?› እያለ ነው። ኧረ ልበሽው! እኛንም አብረሽ አታዋርጂን!»

«ቤተ ክርስቲያን ጫማ አድርጌ አልገባም።»

«ካቶሊክ ቤት እኮ ነው፣ አንቺ ፋራ!»

ሎሬዳና በጃንጥላዋ ጫፍ ጫማውን እያመለከተች አንድ ነገር ተናገረች፤ ድምጿ ያለ አስተርጓሚ ይገባል። ብፅአት ግን በመሐላቸው አልፋ ገባች።

የገባችው ወለሉ በሚገለጥበት ወቅት ነበር። አብዛኛውን ዓመት ተሸፍኖ ይቆያል፤ ያን ሰሞን ግን እብነ በረዱ ላይ የተቀረጹት ሥዕሎች ሁሉ ይታያሉ። ነቢያት ከእግሯ ሥር ነበሩ። ሰዎች ጫማቸውን እያንቋቁ በገመድ ባልተከለለው በኩል ይሄዳሉ። በግራ በኩል ዞር ስትል ሄሮድስን አገኘችው። ዙፋኑ ላይ ተቀምጧል፤ ወታደሮቹ ሰይፍ መዘዋል፤ እናቶች ሕፃናቶቻቸውን ደረታቸው ላይ አጥብቀው ይዘዋል፤ የሞቱትም መሬት ላይ ወድቀዋል።

ብፅአት ከዚያ መነሳት አቃታት። ዙፋን በዚያው ሰሞን ደውላ «ይዤአለሁ፤ ግን ለማንም አትናገሪ፤ ይኸኛውም ይወርድብኛል» ብላት ነበር። ሁለት እጆቿን ዘረጋችና በባዶ እግሯ ቆማ ስለዚያ ፅንስ ለመነች። ለቁርባን አልቀረበችም፤ ለሐውልት አልሰገደችም። ለመነች፤ አለቀሰች፤ ያ ብቻ ነው። አስፋው ከፊት ለፊቷ ዞሮ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አነሳት።

ስትወጣ ጫማዋ የለም። ዘበኛው ባለቤት የሌለው ዕቃ ነው ብሎ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ከቶታል፤ ቆሻሻው ደግሞ ተወስዷል። ስትጠይቀው ትከሻውን ነቀነቀ። ሎሬዳና ሰዓቷን አይታ «ቀጥሉ!» አለች። በረጠበው መንገድ በባዶ እግሯ ከኋላ ከኋላ ተከተለቻቸው፤ ሕፃናት ይጠቋቆሙባታል። ግንቡ ዘንድ ሲደርሱ ደግሞ «ያለ ጫማ መውጣት ክልክል ነው» ተባለች። ሌሎቹ ወጡ፤ እሷ እታች አደባባዩ ላይ ተቀምጣ ጠበቀች። ከላይ አስፋው «ሱዳን! ከዚህ ሾዋክ ይታያል!» እያለ ሲጮህ ተሰማት። ሲመሽ ከአንድ ቻይናዊ ሱቅ ነጠላ ጫማ ገዝታ ወደ ክፍሏ ገባች።

አስፋው ፎቶውን በዚያው ቀን ፌስቡክ ላይ ለጠፈው። ሥሩ «ሱዳኗ ጣሊያንን ልታጠምቅ ባዶ እግሯን ወጣች» ብሎ ጻፈበት። ፎቶው ከአንዱ ወደ አንዱ እየዞረ በስንተኛው እጅ ላይ እንደሆነ አይታወቅም፣ ገዳሪፍ ደረሰ፣ ከገዳሪፍም ሾዋክ። ጽሑፉ መንገድ ላይ ቀርቷል። በላይነሽ በልጇ ስልክ ያየችው ብፅአትን ነጠላ ለብሳ፣ ከጀርባዋም የነጮችን ሐውልትና መቅረዝ ነው። ሌላ ምን ማስረጃ ትፈልጋለች?

«እንዲያው ያልኩት ነገር መሬት ጠብ ይላል?» እያለች በየጎጆው ዞረች። «ይኸው፤ በካቶሊክ መቅደስ እጇን ዘርግታ! አልቅሳላቸዋለች እኮ፤ እንባዋን እዩት!»

የማኅበሩ ተራ ሸጊቱ ዘንድ ሲደርስ ጽዋው አልፏት ወደሚቀጥለው ቤት ሄደ። ሸጊቱ ለድግሱ ያዘጋጀችውን ጠላ ለቀን ሠራተኞች ቀዳችው። መናኸሪያም ላይ ሐበሾቹ ፉሏን ትተው ከሌላ መግዛት ጀመሩ።

«ልጄ፣ ምን አድርገሽ ነው?» አለቻት በስልክ።

«ምንም አላደረግሁም እማዬ። ማተቤም አንገቴ ላይ ነው።»

«እንግዲያው ስትመጭ አንች ትናገሪያለሽ» አለች ሸጊቱ። ከዚያ ወዲያ አንዲት ቃል አልጠየቀቻትም።

ዙፋን በሚያዝያ መጨረሻ ላይ ሴት ልጅ ወለደች። እሷም ልጇም ደህና ሆኑ። ስሟን ፅናት አለቻት። የሴት ልጅ ክርስትና በሰማንያ ቀን ነውና ሐምሌ ላይ ዋለ፤ ብፅአትም ለእረፍት በዚያው ወር መጣች። በላይነሽ ከዙፋን ደጅ አልጠፋ አለች።

«ልጅቱን እኔ አነሳልሻለሁ። ለካቶሊክ አሳልፈሽ አትስጫት።»

«ቃል ገብቻለሁ እትዬ በላይነሽ» አለች ዙፋን።

«ቃል የገባሽው ለክርስቲያን ነበር!»

ባንታምላክም ፈራ። «ዙፋኔ፣ ከሰፈሩ ጋር ተጣልተን የት እንገባለን?» አላት። ቄስ ኪዳኔን ቢጠይቋቸው «በዕለቱ አየዋለሁ» ብቻ አሉ።

የክርስትናው ዕለት ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብ አደረ። ያ ጥቁር አፈር ውኃ ሲጠጣ እንደ ሙጫ ነው፤ ሰው ሁሉ በየእርምጃው ጭቃ እየተሸከመ፣ እየተንሸራተተ ጎሕ ሲቀድ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ደረሰ። ጫማው በሩ ላይ ተከመረ። ብፅአት ከሲዬና የገዛችውን ነጠላ ጫማ አውልቃ ዳር ላይ አስቀመጠችና ሕፃኗን ለመቀበል እጇን ዘረጋች። በላይነሽ መሐላቸው ገባች።

«አትነኪያትም!»

«እትዬ፣ እባክዎ…»

«ምን እባክዎ! ይህን ቤት ጭቃ ያቦካሁት እኔ ነኝ። ጣሊያን ሄደሽ የረገጥሽውን እብነ በረድ ይዘሽ እዚህ አትገቢም። አባ! ይዩልኝ!» ስልኩን ከልጇ ኪስ አውጥታ፣ ፎቶውን አጉልታ ለቄስ ኪዳኔ ዘረጋች። «እስቲ ይህ የማን ቤተ መቅደስ ነው?»

ቄስ ኪዳኔ ዓይናቸውን አጥብበው ስልኩን ራቅ አድርገው አዩ። ሴቶቹ ከበቧቸው። አንዷ «ውይ፣ ሐውልቱ!» አለች። ሌላዋ «ማተቧ የታለ?» አለች። ብፅአት ከነጠላዋ ሥር ማተቧን አውጥታ አሳየች።

«አዲስ ትሆናለች!» አለች በላይነሽ።

ሸጊቱ ከኋላ ተነሳች። «አዲስ? እኔ ያሰርኳትን ክር እኔ አላውቃትም? ቅርብ ብለሽ አሽቺያት፤ የሾዋክ ጭስ ትሸታለች!» ሁለት ሦስት ሰው ሳቀ፤ በላይነሽ ግን አልሳቀችም።

ዙፋን ልጇን በአንድ እጇ አቅፋ ስልኩን በሌላው ከቄሱ ተቀበለች። ሁሉም ፊቷንና ሐውልቱን ሲያይ እሷ ምስሉን በጣቷ ወደ ላይ ገፋችው። የብፅአት እግር ታየ። ዙሪያዋን የቆመው ጎብኚ ሁሉ ጫማ አድርጓል፤ በመሐል አንድ ጥንድ ባዶ እግር።

«እዩ!» አለች። «ጫማ የላትም!»

ሰው ተገፋፍቶ አየ። በላይነሽ ግን መልስ አጥታ አታውቅም።

«ታዲያስ! ጫማ ማውለቅማ ሙዘይንም መስጊድ ሲገባ ያወልቃል። እሱም ክርስትና ያንሳ?»

ሙዘይን የሰፈሩ ባለ ወፍጮ ነው፤ ደግ ሙስሊም። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ሳቁ ብፅአት ላይ እንደ ድንጋይ ወረደ። ዘበኛው ትዝ አላት፤ «መስጊድ መሰላት ወይ» ያላት። በዚያም በዚህም ያው ቃል።

ቄስ ኪዳኔ እጃቸውን አነሱ። «ብፅአት፣ ቀርበሽ ቆርበሻል?»

«አልቆረብኩም አባ።»

«ያ ቤት የእነሱ እንደሆነ ታውቂ ነበር?»

«አዎ።»

«እያወቅሽ ለምን ጫማሽን አወለቅሽ?»

ጥያቄው ወጥመድ ነበር። «ቅዱስ ነው ብዬ» ብትል ካቶሊክ ሆናለች፤ «ቅዱስ አይደለም» ብትል ደግሞ ያወለቀችው ለይምሰል ነው።

«እናቴ ያስለመደችኝ የቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ማውለቅ ነው» አለች ብፅአት። «የማን እንደሆነ አስቀድመሽ ጠይቂ አላለችኝም። ጫማዬን ጣሉብኝ፤ ከተማውን ሙሉ ባዶ እግሬን ስሄድ ሳቁብኝ፤ ግንቡንም ሳልወጣው ቀረሁ። የሚሰድበኝ ሰው እዚያም ሞልቶ ነበር አባ።»

«እጅሽን ዘርግተሽ ምን ትለምኝ ነበር?»

ብፅአት ወደ ዙፋን አየች፤ ምሥጢሩ የእሷ ነበርና።

«ንገሪያቸው» አለች ዙፋን።

«ከእግሬ ሥር ሄሮድስ ያስፈጃቸው ሕፃናት ሥዕል ነበር። ዙፋን ያረገዘችው ይህችን ነበር፤ ያን ጊዜ ገና ማንም አያውቅም። ይህችኛዋን አቆይላት ብዬ ለመንሁ።»

ዙፋን ይህን ሰምታ አታውቅም ነበር። ልጇን ወደ ደረቷ አስጠጋች፤ ከዚያ ማንንም ሳትጠይቅ በላይነሽን በክንዷ ገፋ አድርጋ አለፈችና ሕፃኗን በብፅአት ክንድ ላይ አስቀመጠች።

«እሷ ካላነሳቻት ልጄ ዛሬ አትጠመቅም። ይዣት እሄዳለሁ።»

«ዙፋን!» አለ ባንታምላክ።

«እሄዳለሁ አልኩ!»

ቄስ ኪዳኔ ሁለቱን ተራ በተራ አዩ። ፊታቸው አልተፈታም። «ሳትጠይቂ መግባትሽ ጥፋት ነው፤ ቀኖና ትቀበያለሽ፣ እስከ ፍልሰታ ትሰግጃለሽ» አሉ ብፅአትን። «አሁን ልጅቱን ይዘሽ ግቢ። ውኃው ይጠብቃል።»

«እንግዲያው እኔ እዚህ አልቆምም!» አለች በላይነሽ። ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች፤ አምስት ስድስት ሴቶችም ተከተሏት። ከአጥሩ ውጭ ድምጿ እየራቀ ሲሄድ ለረጅም ጊዜ ይሰማ ነበር።

ፅናት ተጠመቀች። ውኃው ሲነካት ጩኸቷ ቅጽሩን ሞላው፤ ብፅአት ከሕፃኗ አንገት ላይ ማተቡን አሰረችላት። ከዚያ በፊት ስለ ሕፃኗ ሰይጣንን የካደችበትን ቃልም ሳትንተባተብ ተናግራለች።

ሲወጡ የብፅአት ጫማ የለም። ሸጊቱ ክምሩን አገላብጣ ፈለገች፤ ከአጥሩ ውጭም ዞረች። በመጨረሻ አንዱን ሣር ውስጥ፣ ሌላውን ውኃ በሞላው ጉድጓድ ውስጥ ተንሳፎ አየችው።

«በላይነሽ! ምን ያርግሽ!» ብላ ወደ መንገዱ ጮኸች። «ያዥ ልጄ፣ የኔን አድርጊ።»

«ተይው እማዬ» አለች ብፅአት። ሳቅ አመለጣት፤ ከዘበኛው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ። ሕፃኗን ታቅፋ በጥቁሩ ጭቃ ውስጥ ገባች። ጭቃው በየእርምጃው እግሯ ላይ እየተለጠፈ፣ እየወፈረ ሄደ፤ ዙፋን ቤት ደጃፍ ስትደርስ ሁለት ወፍራም ጫማ አድርጋለች። ከደጃፉ ላይ ቆማ በእንጨት ፋቀችና ገባች።